የፊቱን ያዙሩ

እኔ ሰው እጠረጥራለሁ። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ራሴው ብነግራችሁ ይሻላል፤ ከሌላ ሰው ከሰማችሁት ግን ማን እንደላከው ጠይቁልኝ።

ነገሩ የዘር ነው። አባቴ ዕድሜውን በመሬት ሙግት የጨረሰ ሰው ነበር። «እንደምን አደሩ» ሲሉት እንኳ ቶሎ አይመልስም፤ መጀመሪያ ምስክር ቆሞ እንደሆነ ግራ ቀኙን ያያል። እኔም ጡት ስጠባ ባንድ ዐይኔ እናቴን እጠብቅ ነበር ይላሉ። ይላሉ ነው ያልሁት፤ እኔ አላመንኋቸውም።

በሃምሳዎቹ ዓመታት ውስጥ የከብት ክትባት ሠራተኛ ሆኜ ወረታ ተመደብሁ። ሥራዬ የፎገራን ከብት ደስታ ከሚባለው በሽታ መጠበቅ ነው። አዎ፣ ደስታ። በሳምንት ውስጥ በረት ሙሉ ከብት ጠርጎ የሚሄድ በሽታ ደስታ መባሉን የሰማሁ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቅሁት «የማን ደስታ?» ብዬ ነው። ከአሞራ በቀር ደስ የሚለው አላገኘሁም።

ሁለት ዓመት በእግሬ ስዞር ከረምሁና ጎንደር ላለው መሥሪያ ቤቴ አንዲት በቅሎ እንዲሰጠኝ ማመልከቻ ጻፍሁ። መልሱ መጣ፤ «ጂፕ መኪና ተፈቅዶልሃል» ይላል። እስቲ ፍረዱኝ! በቅሎ ለጠየቀ ሰው መኪና የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የት አገር አለ? ደብዳቤውን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ጀርባው ባዶ ነው። ይህም አላማረኝም።

ጎንደር ሄጄ መኪናውን ሳየው ገባኝ። ጂፑ ከእኔ በፊት ሦስት ቦታ አገልግሎ ሦስት ዓይነት ቀለም ተቀብቷል። የግራ በሩ በገመድ የታሰረ ነው። ጥሩምባው ሲነኩት ዝም ይላል፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ግን በገዛ ፈቃዱ ይጮሃል። ያስረከቡኝ የዕቃ ግምጃ ቤት ሹም ፊቴን አይተው፦

«አሮጌ ነው ብለህ አትናቀው፤ አራቱም እግሩ ይሠራል» አሉኝ።

«አራት እግር የሌለው መኪና አለ እንዴ?»

«አይ አንተ! የሌላው መኪና የሚገፋው በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ነው። የፊቶቹ ዝም ብለው ይንከባለላሉ። ይኸኛው ግን ይችን አጭር ማርሽ ስትጎትት የፊቶቹም አብረው ይስባሉ። ሁለት ጥማድ በሬ በለው! ጭቃ አይበግረው፣ አሸዋ አይበግረው።»

ሁለት ጥማድ በሬ ክንድ በማትሞላ ብረት ይታዘዛል መባሉን ልቤ አልተቀበለውም። ቢሆንም ፈረምሁና መንዳቱን ጥቂት ሳምንት ተምሬ፣ መኪናውን ይዤ ወረታ ገባሁ። እንዴት እንደገባሁ አትጠይቁኝ። በመንገድ ዳር የነበሩ አህዮች ያውቃሉ።

ወረታ ውስጥ መኪና የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ኑሩ ይባላል። በአውራ ጎዳናው ዳር ባለች የቆርቆሮ ቤቱ ወፍጮውንም፣ ፋኖሱንም፣ የጭነት መኪናውንም ይጠግናል። ዕድሜው ከእኔ በብዙ ይበልጣል፤ ነገር ግን እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ብዬ አንተ እለዋለሁ፤ እሱ እርስዎ ይለኛል። ኑሩ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ለተጠራጣሪ ሰው ደግሞ ከዝምተኛ መካኒክ የከፋ ፈተና የለም። የሚያወራውን ሰው ሲዋሽ ትይዘዋለህ፤ ዝም የሚለውን በምን ትይዘዋለህ?

ጂፑን እንዲመረምረው ሰጠሁት። በሁለተኛው ቀን በቤቱ ደጅ ሳልፍ ኑሩ ከመኪናው ሆድ ሥር ከፊት በኩል ብቅ አለ። በእጁ ዘይት የጠገበ ብረት ይዟል። ብረቱን በጆንያ ጠቀለለና ወደ ጓዳ አስገብቶ ቆለፈበት።

አየሁ። ያላየሁ መስዬም አለፍሁ። አባቴ «ሌባ እንዳየኸው ካወቀ ሁለት ሌባ ይሆንብሃል» ይል ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ግን በዚያን ቀን የገባኝ መሰለኝ።

መኪናውን ሊያስረክበኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «ግራሶውን ሞልቻለሁ። የፊቱን ዘይት ቀይሬያለሁ። የፊቶቹ በከንቱ እንዳያልቁ ፈትቻቸዋለሁ» አለ። ለእሱ ይኸ ስብከት ነው። ከዚያ ጥቂት አሰብ አድርጎ «ጭቃ ሲገጥምዎ አስቀድመው የፊቱን ያዙሩ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ጭቃ ሲገጥመኝ ፊቴን አዙሬ ልመለስ! ለፎገራ ጭቃ የተሰጠ መኪና ጭቃ ሲያይ ይመለስ! ይህ ሰው ጭቃ ውስጥ እንዳልገባ ለምን ፈለገ? ጆንያው ትዝ አለኝ። «ፈትቻቸዋለሁ» ያለውም ትዝ አለኝ። ሌባ አንዳንዴ በገዛ አፉ ይናገራል አልሁና አመስግኜው ሄድሁ። ምስጋናዬም የውሸት ነበር።

በማግስቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ረግረግ ላይ ፈተንሁት። አጭሩን ማርሽ ጎተትሁና ቤንዚን ሰጠሁት። የኋላ ጎማዎቹ ጭቃውን እየዛቁ ማጅራቴ ላይ ለቀለቁት። የፊቶቹ ግን እንደ ሰርግ ታዳሚ ቆመው ያያሉ። ወርጄ ዳሰስኋቸው፤ እንኳን ሊስቡ፣ አልተወዘወዙም። መንገደኞች ገፍተው አወጡኝ። ነገሩ አለቀ፤ ኑሩ የፊቶቹን ጎማዎች የሚያንቀሳቅሰውን ብረት አውጥቶ በጆንያ ጠቅልሎ ወስዶታል።

ለምን ሄደህ አልጠየቅኸውም ትሉኛላችሁ። ሌባን ሰረቅህ ወይ ብሎ መጠየቅ ውሸት ማስጠናት ነዋ! እኔ የነገርሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለአቶ በሪሁን። ያውም «አደራ፣ በእኛና በእግዚአብሔር መካከል ይቅር» ብዬ። ወረታ ላይ አደራ ማለት ቶሎ አዳርስ ማለት መሆኑን የማላውቅ ሰው አልነበርሁም፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሻይ ቤቱም፣ በርበሬ ተራውም፣ የአውቶቡስ ረዳቶቹም ሰሙ። አቶ በሪሁን ወፍጮው ሲበላሽ ኑሩን ትቶ ከሌላ ከተማ ሰው አስጠራ። የጭነት መኪኖቹም በቆርቆሮዋ ቤት ደጅ ሳይቆሙ ማለፍ ጀመሩ። ኑሩ ደጁ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ያያል። እኔም በዚያ ሳልፍ ጀርባዬን አቅንቼ እራመዳለሁ፤ የሕዝብን ንብረት ያዳንሁ መስሎኝ!

መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ውኃው ከሜዳው ሸሽቶ ጭቃው ሲቀር፣ ርብ ማዶ ደስታ ታየ የሚል ወሬ መጣ። ወዲያው ከጎንደር በጧቱ አውቶቡስ በረዶ የታጨቀበት የክትባት ሣጥን ተላከልኝ። ይህ መድኃኒት በረዶው ከቀለጠ ተራ ውኃ ነው፤ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። የቁሐር ሚካኤል ጭቃ ሹም፣ የቀበሌው አለቃ ማለት ነው፣ በሽታው ወንዙን ሳይሻገር ከብታቸው እንዲከተብ፣ ሁሉንም አሰብስበው እንደሚጠብቁኝ ልከውብኛል። ፊት ለፊቴ በሽታ፣ ከኋላዬ የሚቀልጥ በረዶ፣ ከሥሬ በግማሽ የተሰረቀ መኪና! ገመድ ጫንሁ፣ ሳንቃ ጫንሁ፣ አካፋ ጫንሁ። ለኑሩም ጥቂት እርግማን ጫንሁና ተነሣሁ።

የሐሙሲትን መንገድ ይዤ ጥቂት እንደሄድሁ ወደ ሜዳው ታጠፍሁ፤ ዋልካውም ተቀበለኝ። የፎገራን ዋልካ የማታውቁ ካላችሁ፣ በበጋ ይሰነጠቅና ግልገል ይውጣል፤ በክረምት ደግሞ የያዘውን አይለቅም። የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች በሩቁ እየታዩኝ፣ «ልደርስ ነው» ባልሁበት ቦታ ጂፑ ተንፈስ አለና ቁጭ አለ። አጭሩን ማርሽ ጎተትሁ። የኋላ ጎማዎቹ ጉድጓዳቸውን ቆፈሩ፤ የፊቶቹ እንደ ልማዳቸው ታዘቡ። ሳንቃ አስገባሁ፤ ሳንቃውን ዋጠው። ሌላ ሳንቃ አስገባሁ፤ የመጀመሪያውን አስታውሶ ያንንም ዋጠው። ጥሩምባው በዚህ መካከል ማንም ሳይነካው ጮኸ።

ጩኸቱን ሰምተው ሰዎች መጡ። ከፊት ጭቃ ሹሙ አያ ወርቄ ናቸው፤ በሹመትም በዕውቀትም የጭቃ ሹም። ዱላቸውን ተደግፈው መኪናውን ዙሪያውን ዞሩና፦

«እኔማ ጉማሬ ኸሐይቅ ወጣ ብለውኝ ነው የመጣሁ» አሉ።

«አያ ወርቄ፣ በረዶው እየቀለጠ ነው! ይግፉልኝ!»

ገፉልኝ። ዐሥራ አምስት ሰው ገፋ፤ መኪናው ግን ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ታች ሄደ። አያ ወርቄ እጃቸውን አንሥተው ሰዉን አስቆሙ። «ይኸ በሰው አይወጣም፤ በሬ ይሻል። ቅርብ ያለው የእትዬ እንጉዳይ ጥማድ ነው» አሉና ሰው ላኩ።

እትዬ እንጉዳይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከብታቸውን ብቻቸውን የያዙ ሴት ናቸው። መጡ፤ በሬዎቹን ግን አላመጡም። ከመኪናው ፊት ቆመው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«በሬ ኸመስጠቴ በፊት ይኸ ልጅ ምን ይዞ እንደመጣ ልወቅ።»

«መድኃኒት ነው እትዬ» አልሁ።

«ከብቶቼ ታመዋል?»

«አልታመሙም። እንዳይታመሙ ነው።»

«እኔ ሳትታመም መድኃኒት ብሰጥህ ትጠጣለህ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልጠጣም። ማን እንዳቀመመው ሳላውቅ? ዐይኔን ሰበርሁ። እሳቸውም አዩኝና «እኮ!» አሉ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኜ ሴትዮዋን ወደድኋቸው፤ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

«መርፌው ገዳይ ነው ይባላል» ሲሉ ቀጠሉ። «እኔ በሬዬን ጠምጄ ገዳዩን እስኸ በረቴ ላድርሰው?» ይህን ብለው ከፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አሉ። እኔን ከመጠርጠር ወደ መኪናው ተሸጋገሩ መሰል፣ ትኩር ብለው ያዩ ጀመር። «እስቲ አንዴ አስጩኸው» አሉኝ። ገብቼ ቤንዚን ሰጠሁት። የኋላዎቹ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ እነዚህ የፊተኞቹ ለምን ቆሙ?»

«መሳብ ነበረባቸው።»

«አይስቡም። እንዲህ ያለ በሬ አውቃለሁ፤ ቀንበሩን ተሸክሞ ይሄዳል እንጂ አይስብም። በሬው ሰነፍ ሁኖ ነው ወይስ ማነቆው ወልቆ?»

የታፈነ ብሶቴ ፈነዳ። «ተሰርቄ ነው እትዬ! ወረታ ያለ ኑሩ የሚባል መካኒክ የፊቱን ሆድ ዕቃ ዘርግፎ ወስዶብኝ ነው!»

«ሲወስድ አየኸው?»

«በጆንያ ጠቅልሎ ሲያስገባ አይቻለሁ።»

«ጆንያውን ፈተህ አየኸው?»

«አላየሁትም።»

«ሰውየውን ጠየቅኸው?»

«አልጠየቅሁትም።»

የአባቴ ልጅ፣ በሙግት ቤት ያደግሁት፣ ጭቃ ውስጥ ቆሜ በሦስት ጥያቄ ተረታሁ።

«ሲያስረክብህስ ምን አለህ?»

«ጭቃ ሲገጥምዎ አስቀድመው የፊቱን ያዙሩ አለኝ። ፊቴን አዙሬ እንድመለስ!»

እትዬ እንጉዳይ ቀና አሉ። «ቆይ፣ ቆይ። ፊትዎን ያዙሩ ነው ያለህ፣ የፊቱን ያዙሩ ነው ያለህ?»

«የፊ...» አልሁና አፌ ተከፍቶ ቀረ።

«የፊቱን ኸሆነ ያንተን ፊት ምን አድርጎ ያዞረዋል? የፊቱ የትኛው ነው? ይኸ አይደለም?» አሉና ሣር ነቅለው ከፊት ጎማው እምብርት ላይ ጭቃውን ይጠርጉ ጀመር። ከጭቃው ሥር የቡና ሲኒ ማስቀመጫ የሚያክል ክብ ብረት ወጣ። መሐሉ ላይ በጣት የሚያዝ ጉብታ አለው፤ ዙሪያውን የፈረንጅ ፊደል ተቀርጾበታል። ፊደሉን ከዚያ በፊትም አይቼው ነበር፤ የፋብሪካው ስም መስሎኝ አላነበብሁትም። አሁን ጎንበስ ብዬ አነበብሁት። በአንድ ወገን «ነፃ» ይላል፣ በሌላው «ታስሯል»። ቀስቱ የሚያመለክተው ወደ ነፃው ነው።

አባቴ በአንዲት ፊደል ርስት የተነጠቀ ሰው ያውቅ ነበር። እኔም በአንዲት «የ» ጭቃ ውስጥ ሰጠምሁ። ይባስ ብሎም፣ ለዚያች ፊደል ስል የሰው ስም አብሬ አስጥሜያለሁ።

ጉብታውን አዞርሁት፤ ቀጭ አለ። በዚያኛው በኩል ያለውን እትዬ እንጉዳይ ራሳቸው «ተው፣ እኔ ላድርገው» ብለው አዞሩት። ገብቼ አጭሩን ማርሽ ጎተትሁና በግራ እግሬ የረገጥሁትን ፍሪሲዮን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። የፊት ጎማዎቹ ሲንቀሳቀሱ በመሪው በኩል እጄ ላይ ተሰማኝ፤ እንደ ድመት መሬቱን ቧጠጡ፣ ያዙ፣ ሳቡ። ጂፑ አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ ጭቃውን እያንጠባጠበ፣ ያለ አንድ በሬ ከጉድጓዱ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ወርቄ «ወይ ጉድ! ለካ ታስሮ ነው የሚሄደው!» አሉ።

በረቱ ዘንድ ስንደርስ ሣጥኑን ከፈትሁት። በረዶው አልቆ እፍኝ የማትሞላ ቀርታለች። ከብቱ ቆሟል፤ ሰዉም ቆሟል፤ ግን ማንም ከብቱን ወደ እኔ አያቀርብም። ሁሉም እትዬ እንጉዳይን ያያል። እሳቸው ደግሞ እኔን ያያሉ። መለመን ፈለግሁ፣ ግን ምን ብዬ? እመኑኝ ልበል? እኔ?

እሳቸው ቀስ ብለው ተናገሩ። «አንተ ያን ሰው ሳትጠይቅ ሌባ አልኸው። ሌባ አልነበረም። እኔ አንተን ሳልጠይቅ ገዳይ ብያለሁ።» አንዲት ነጭ ላም በቀንዷ ያዙና «እንግዲህ ልጠይቅህ። ይኸ መርፌ የሰውም ቢሆን ከብት ገድሎብህ ያውቃል?» አሉኝ።

«ከተወጋ በኋላ ያበጠ አለ። ሁለት ቀን ሣር እምቢ ያለ አለ። አስቀድሞ በሽታው ይዞት የነበረም ሞቶብኛል። በመርፌው የሞተ ግን አላየሁም።»

«ያበጠውን ባትነግረኝ ኖሮ አላምንህም ነበር» አሉና የያዟትን ላም ራሳቸው ጎትተው አመጡ። «ኸዚህች ጀምር።» የእሳቸው ላም ከተወጋች በኋላ ወረፋው እስከ አጥሩ ደረሰ። የመጨረሻውን ጥጃ ስወጋ ከሣጥኑ ውስጥ የቀረችው በረዶ የሰው ጥርስ ታክላለች።

ይኸ ነገር እዚህ ቢያልቅ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሰው አንድ ነገር ሲያውቅ ያወቀውን ካላበላሸ አይተኛም። አውራ ጎዳናው ላይ ስወጣ አራቱም እየሳቡ ነው፤ አራት ከሁለት ይሻላል ብዬ አልፈታኋቸውም፣ ማርሹንም አልመለስሁትም። በደረቁ መንገድ ደረቴን ነፍቼ ነዳሁ። ጥቂት እንደሄድሁ መሪው እንቢ ይለኝ ጀመር። ስታጠፍ ጎማዎቹ ያለቅሳሉ። ማርሹን ልመልስ ብል ተነክሶ ቀረ፤ በሁለት እጄ ብጎትተው ንቅንቅ አላለም።

መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው ምን ነበር መሰላችሁ? «ኑሩ ያደረገብኝ ነገር አለ!» የተናገርሁትን ጆሮዬ ሲሰማ ብቻዬን አፈርሁ።

ወረታ ስደርስ የገበያ ቀን ነበር፤ ሰዉ ገና አልተበተነም። ኑሩ ደጁ ላይ የእንጨት ሣጥን ከፍቶ መፍቻዎቹን እየጠቀለለ ያስገባል።

«ወዴት ነው አቶ ኑሩ?» አልሁ። አቶ ማለቴን ሰምቶ ቀና አለ።

«ጎንደር።»

«ለምን?»

«እዚህ ሥራ የለም።»

በአንተ ምክንያት ነው አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ልናገር አሰብሁ፤ ከአፌ የወጣው ግን «ማርሹ እንቢ አለኝ» የሚል ብቻ ሆነ። ሣጥኑን ትቶ ተነሣ። ጎማዎቹን አየ፣ እምብርታቸውን አየ።

«በደረቅ መንገድ አስረው ነዱት?»

«አዎ።»

«በጭቃ ብቻ ነው። ስንታጠፍ የፊቱ ጎማ ረጅሙን ይዞራል፣ የኋላው አጭሩን። ጭቃ ያንሸራትተዋል፤ ደረቅ አያንሸራትተውም። ውስጡ ያለው ብረት እንደ ገመድ ይጠመዘዛል።» ከሕይወቱ ረጅሙ ንግግር ይኸ ሳይሆን አይቀርም። «ወደ ኋላ ይንዱት፤ ይፈታል» አለ።

እኔም በልቤ ቃል ገባሁ፤ ከእንግዲህ ይህን ሰው አልጠረጥርም። ወደ ኋላ ካለ ወደ ኋላ ነው! እስከ የት ብዬ አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ መጠርጠር መሰለኝ። ወደ ኋላ ነዳሁ። ከደጁ ወጣሁ፣ መንገዱን ተሻገርሁ፣ ገበያ ገባሁ። ዶሮ ሸሸ፣ አህያ ፈረጠጠ፣ የጌሾ ሻጮች ጌሿቸውን ታቅፈው ዘለሉ፤ ጥሩምባውም ደስ ባለው ሰዓት ይጮሃል። ኑሩ መፍቻ ይዞ ከፊቴ እየሮጠ እጁን ያወናጭፋል፤ እኔ «ይበርቱ» የሚለኝ መስሎኝ ባሰብኝ። የቆምሁት ከአቶ በሪሁን ወፍጮ ቤት ደጅ የእህል ጆንያ ክምር ሲይዘኝ ነው።

«ሦስት እርምጃ ነበር!» አለ ኑሩ እያለከለከ።

አቶ በሪሁን ዱቄት በዱቄት ሆኖ ወጣ። እኔን አየ፤ መፍቻ ይዞ የሚያለከልከውን ኑሩን አየ፤ ጮክ ብሎም «ደግሞ ምን ሰረቀህ?» አለኝ።

ገበያው ሁሉ ሰማ። ኑሩ መፍቻውን ዝቅ አደረገ። ፊቱን ሳየው፣ ለሳምንታት ያለ ሥራ በደጁ ያስቀመጥሁት እኔው እንደሆንሁ እሱም እንደሚያውቅ ገባኝ። ሲያውቅ ነው መኪናዬን ያየልኝ።

ወረድሁ። «አልሰረቁኝም» አልሁ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ፤ ደገምሁት። «አልሰረቁኝም! መኪናው ሙሉ ነው። እንዴት እንደሚሠራ እሳቸው ነግረውኝ ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። የተሰረቀ ነገር ካለ የአቶ ኑሩ ስም ነው፤ ሌባውም እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ጀግና እሆን ነበር። ግን ያሳደገኝ ቤት አልተወኝም። ወደ ኑሩ ዞር አልሁና «ብቻ... ያ በጆንያ የጠቀለሉት ምን ነበር?» አልሁ።

ሰዉ ሳቀ። ኑሩ አልሳቀም። ቤቱ ሄደና ጆንያውን አምጥቶ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ፈታው። የመስቀል ቅርጽ ያለው፣ ጫፎቹ ተበልተው ያለቁ ብረት ነው። «ክሮቼራ ነው፤ የፊቱን ዘንግ የሚያገናኝ። የእርስዎ አልቆ ነበር። ከራሴ ዕቃ ቀየርሁልዎ። ብረት ውጭ ካደረ ስለሚወሰድ ቆለፍሁበት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቁኝም።» ቀጥሎም፦ «ለምን መጥተው አልጠየቁኝም?» አለኝ።

«ሰርቀው ከሆነ ይዋሹኛል ብዬ ነው።»

«ካልሰረቅሁስ?»

አባቴ ለሁሉ ነገር ብልሃት ሲያስተምረኝ ይችን ሳያስተምረኝ ሞተ። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ኑሩ ብረቱን መልሶ በጆንያው ጠቀለለና «ይቅር» አለ። አንድ ቃል፤ ግን የኑሩ አንድ ቃል ነው። አቶ በሪሁን ጉሮሮውን ጠረገና መሬት መሬት እያየ «ወፍጮው ከቆመ አራት ቀኑ ነው፤ ያ የመጣው ሰውዬ አልቻለውም። ሣጥንህን ፍታው እንጂ» አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ የበረዶ ሣጥን መጣልኝ፤ የምሄደው ርብ ማዶ ነበር። ኑሩን አብሮኝ እንዲሄድ ለመንሁት፤ እሺ አለ። ጭቃው አፍ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ወረድን። እሱ የግራውን ጎማ ያዘ፣ እኔ የቀኙን። ቀጭ፤ ቀጭ። «ጨረስሁ» አለ። «ጨረስሁ» አልሁ።

ልገባ ነበር። እግዚአብሔር ያያል፣ በቀጥታ ልገባ ነበር። ግን እግሬ በመኪናው ኋላ በኩል አዙሮ ወደ ግራው ጎማ ወሰደኝ። ኑሩ እዚያ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ የእሱን ጉብታ ነካሁት፤ በትክክል ታስሯል። አፍሬ ቀና ስል በመኪናው አፍንጫ ማዶ የኑሩ ጀርባ ታየኝ፤ ከእኔ ጎማ ላይ አቀርቅሯል።

«ምን እያደረጉ ነው አቶ ኑሩ?» አልሁ፣ እንደ መቆጣት ብዬ።

ቀና ሳይል፣ «እርስዎ»ውንም ትቶ መለሰልኝ።

«ያንተ ወደ ነፃው ነው የዞረው» አለና አሰረው።